ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ሪፖ ሲጋሩ፦ የመስመር መጨረሻን በጊት ማስተካከል

አንድ ቃል ብቻ ታርሞ ዲፉ (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ጊት የሚያሳየው የልዩነት ዝርዝር) ግን ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ቀይና አረንጓዴ ካደረገው፣ ወይም ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ የነበረ ስክሪፕት ሰርቨር ላይ «ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» (እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም) ካለ፣ ኮዱን መበርበር ከመጀመራችሁ በፊት የመስመር መጨረሻውን፣ ማለትም መስመር ማለቁን የሚናገሩትን የማይታዩ ባይቶች፣ እዩ። አንድ ሪፖ (በጊት የሚያዝ የጋራ የኮድ ማኅደር) ከሚጠቀመው ቡድን ግማሹ በዊንዶውስ፣ ግማሹ በሊኑክስ ወይም በማክ የሚሠራ ከሆነ ይህ ጣጣ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ከዚህ በታች ያሉት ትእዛዞችና የፋይል ስሞች የተጻፉት በሚነበቡበት ድምፅ ነው። ተርሚናል ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ ነው፤ ትልቅ ሆሄ የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ እንናገራለን። ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ኮከብና የእኩል ምልክት እንዳሉ ይገባሉ።

ከምን ይመጣል

ዊንዶውስ አንድን መስመር የሚዘጋው በሁለት ባይት ነው፤ በ13 እና በ10። 13 ሲአር፣ 10 ደግሞ ኤልኤፍ፣ ጥንዱ ሲአርኤልኤፍ ይባላል። ሊኑክስና የዛሬው ማክ 10ን ብቻ ይጽፋሉ። ጥንዱ የቴሌታይፕ (በሽቦ የመጣ መልእክት የሚያትም የድሮ ማሽን) ትርፍ ነው፦ ሲአር የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ ኤልኤፍ ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ያደርጋል። ዶስ ከእሱ ከቀደመው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሲፒኤም ወሰደው፣ ዊንዶውስ ከዶስ ወረሰው፤ ዩኒክስ በኤልኤፍ ብቻ ቀረ። እስከ ማክ ኦኤስ 9 የነበሩት ማኮች ሲአርን ብቻ ይጠቀሙ ስለነበር በጣም የቆየ ፋይል ውስጥ ሦስተኛው ዓይነትም ይገኛል።

ኤዲተሮች ሁለቱንም አሳምረው ስለሚያሳዩ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ኖትፓድ እንኳ ከዊንዶውስ 10 እትም 1809 ወዲህ ኤልኤፍን በትክክል ያነባል። ጊት የሚያወዳድረው ግን ባይት ነው፤ በየመስመሩ ጫፍ አንድ ባይት ከተጨመረ ለእሱ ሁሉም መስመር ተለውጧል።

ስክሪፕት የሚያስኬደው ባሽም እንደዚያው ነው። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን ሲጠራ ከስሙ ጫፍ ሲአር ከተለጠፈ፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚፈልገው ስሙ በሲአር የሚያልቅ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ደግሞ የለም። ፋይሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ «የለም» የሚባለው ለዚህ ነው። ዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ የሚያስኬድ) ገና ሲነሣ የሚሞትበት አንዱ የታወቀ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚህ የባሰው ስሕተት የማይናገረው ነው፦ ባሽ ሲአርኤልኤፍ ያለበትን «.ኢኤንቪ» የቅንብር ፋይል ሶርስ ሲያደርግ (አንብቦ ሲያስኬድ) የይለፍ ቃሉ ጫፍ ላይ የማይታይ ሲአር ይቀራል። ዳታቤዙ «ፓስወርድ ተሳስቷል» ይላል፤ ሰው ደግሞ ትክክለኛውን ፓስወርድ ሲቀይር ይውላል። ረጅም ትእዛዝን በኋልዮሽ ሰረዝ ወደ ቀጣዩ መስመር ስታሻግሩም ከሰረዙ በኋላ ሲአር ካለ መሻገሩ ቀረ፤ ትእዛዙ ለሁለት ይቆረጣል።

መጀመሪያ መርምሩ

የዲፉ ትልቅነት ከመስመር መጨረሻ የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ይህን ስጡ፦

ጊት ዲፍ --ኢግኖር-ሲአር-አት-ኢኦኤል --ስታት

ከተራው «ጊት ዲፍ --ስታት» ጋር አስተያዩት። ተራው 400 መስመር ተለውጧል ብሎ ይህኛው አንድ መስመር ካሳየ መልሱ ተገኘ። ቀጥሎ የትኛው ፋይል የት ላይ ምን እንደያዘ የሚናገረው ትእዛዝ ይህ ነው፦

ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ --ኢኦኤል

ከጊት 2.8 ጀምሮ አለ፤ ሰዎች ግን እምብዛም አያውቁትም። በየፋይሉ እንዲህ ያለ መስመር ያወጣል፦

አይ/ኤልኤፍ  ደብሊው/ሲአርኤልኤፍ  አትር/ቴክስት=ኦቶ  ሪድሚ.ኤምዲ
አይ/ሲአርኤልኤፍ  ደብሊው/ሲአርኤልኤፍ  አትር/  ዲፕሎይ.ኤስኤች

«አይ» በኢንዴክሱ ማለትም በጊት መዝገብ ውስጥ ያለውን፣ «ደብሊው» በዲስካችሁ ላይ ያለውን፣ «አትር» ለፋይሉ የተሰጠውን ደንብ ያሳያል። የመጀመሪያው መስመር ጤነኛ ነው፤ መዝገቡ ኤልኤፍ ይዟል፣ ዊንዶውስ ላይ ሲወጣ ሲአርኤልኤፍ ሆኗል። ሁለተኛው ግን ችግር ነው፦ ሲአሩ እስከ መዝገቡ ገብቷል፣ ደንብም የለውም። «አይ/ሚክስድ» ካያችሁ አንዱ ፋይል ሁለቱንም ቀላቅሏል፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ ኮድ ነው።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። ጽሑፍ መሆኑን የምታውቁት ፋይል «አይ/-ቴክስት» ከተባለ ጊት እንደ ባይነሪ ቆጥሮታል ማለት ነው። ጊት ፋይልን ባይነሪ የሚለው ባይት 0 ካገኘበት፣ ኤልኤፍ ያልተከተለው ብቸኛ ሲአር ካገኘበት፣ ወይም የማይታተሙ ባይቶች ከበዙበት ነው። አንድ ብቸኛ ሲአር ይበቃል። ሁለት ጊዜ ወደ ሲአርኤልኤፍ የተለወጠ ፋይል በየመስመሩ ሲአር-ሲአር-ኤልኤፍ ይይዛል፤ እንዲህ ያለውን ፋይል ከዚህ በታች ያለው ማጽጃ ዘልሎት ያልፋል። «ዶስቱዩኒክስ» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አስኪዱበትና ምርመራውን ድገሙ።

ውሳኔው የሪፖው ይሁን

ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚሰጠው ምክር «ኮር.ኦቶሲአርኤልኤፍን አስተካክል» የሚል ነው። ሦስት ዋጋ አለው፦ «ትሩ» ወደ መዝገብ ሲገባ ሲአሩን ያነሣል፣ ሲወጣ ይጨምራል፤ «ኢንፑት» ሲገባ ብቻ ያነሣል፤ «ፎልስ» ምንም አይነካም። የዊንዶውሱ ጊት ሲጫን ይህንኑ ይጠይቃል፤ ዝም ብሎ «ኔክስት» ያለ ሰው «ትሩ» ይዞ ይወጣል።

ችግሩ ይህ ቅንብር በየሰዉ ማሽን ላይ የሚኖር እንጂ ከኮዱ ጋር የማይጓዝ መሆኑ ነው። አዲስ ሰው ቡድኑን በተቀላቀለ ቁጥር ወይም ላፕቶፕ በተቀየረ ቁጥር ነገሩ እንደገና ይፈርሳል። ስለዚህ ደንቡን «.ጊትአትሪቢዩትስ» በሚባል ፋይል ሪፖው ሥር ላይ አስቀምጡት፤ ይህ ፋይል ከማንም የግል ቅንብር በላይ ይሠራል። የትኛው ማሽን ምን እንደያዘ ማየት ከፈለጋችሁ ይህ ትእዛዝ ዋጋውን ከመጣበት ፋይል ጋር ያሳያል፦

ጊት ኮንፊግ --ሾው-ኦሪጂን --ጌት-ኦል ኮር.ኦቶሲአርኤልኤፍ

ለአብዛኛው ቡድን የሚበቃው ይህ ነው፦

* ቴክስት=ኦቶ ኢኦኤል=ኤልኤፍ
*.ባት ቴክስት ኢኦኤል=ሲአርኤልኤፍ
*.ሲኤምዲ ቴክስት ኢኦኤል=ሲአርኤልኤፍ
*.ኤስኤች ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ
*.ፒኤንጂ ባይነሪ
*.ጄፒጂ ባይነሪ
*.ፒዲኤፍ ባይነሪ
*.ኤክስኤልኤስኤክስ ባይነሪ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ለአንድ ፋይል ሁለት መስመር ከገጠመ የታችኛው ያሸንፋል፤ ስለዚህ አጠቃላዩ ከላይ፣ ልዩ ልዩው ከታች ይሁን።

የመጀመሪያው መስመር ላይ «ኢኦኤል=ኤልኤፍ» መጨመሩ አያስማማም ይሆናል። ያለ እሱ «ቴክስት=ኦቶ» ብቻ ብትጽፉ መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ፋይሎቹ በሲአርኤልኤፍ ይወጣሉ፤ ኦቶሲአርኤልኤፍን «ፎልስ» ያደረገ ሰው ዲስክ ላይ እንኳ፣ ምክንያቱም ያኔ ጊት የሲስተሙን ልማድ ይከተላል። ዶከር ዊንዶውስ ላይ ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሣበትን ጥቅል) ሲሠራ ደግሞ የሚቀዳው ከመዝገቡ ሳይሆን ከዲስኩ ነው። መዝገቡ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሲአሩ ኮንቴይነሩ ውስጥ ይገባል። ሰርቨራችሁ ሊኑክስ ከሆነ ሁሉም ማሽን ላይ ኤልኤፍ ማድረጉ ይሻላል፤ የዛሬ የዊንዶውስ ኤዲተሮች አይቸገሩም። «ባት»ና «ሲኤምዲ» የሚባሉት የዊንዶውስ ስክሪፕቶች ግን ሲአርኤልኤፍ ይቆይላቸው፤ በኤልኤፍ ብቻ ሲሆኑ «ጎቱ» የሚዘልበትን ምልክት አንዳንዴ ማግኘት ያቅተዋል። መዝገቡ ውስጥ እነሱም በኤልኤፍ ነው የሚቀመጡት፤ ሲአሩ የሚጨመረው ሲወጡ ብቻ ነው።

«=ኦቶ»ን ረስታችሁ «* ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ» እንዳትጽፉ። ያ ማለት «ሁሉም ፋይል ጽሑፍ ነው» ማለት ነው፤ ጊትም ሥዕሎቻችሁ ውስጥ ሳይቀር 13ና 10 ተከታትለው ያገኘበት ቦታ ሁሉ 13ን ይነቅላል። የፒኤንጂ ፋይል የመጀመሪያ ስምንት ባይቶች 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 ናቸው፤ 13ና 10 ሆን ተብለው እዚያ የተቀመጡት እንዲህ ያለው ብልሽት ገና ከመነሻው እንዲታወቅ ነው። ከ2.10 በፊት በነበሩ የጊት እትሞች «ቴክስት=ኦቶ ኢኦኤል=ኤልኤፍ» ራሱ እንደዚያው ይሠራ ስለነበር በጣም የቆየ ጊት ያለበት ማሽን ካለ መጀመሪያ አድሱት።

ነባሩን ሪፖ ማጽዳት

ደንቡን መጻፍ ብቻውን አሮጌውን አያጸዳም። «ቴክስት=ኦቶ» መዝገቡ ውስጥ ቀድሞ በሲአርኤልኤፍ የገባን ፋይል እንዳለ ይተወዋል። ያለ «ኦቶ» በ«ቴክስት» የተሰየመው ደግሞ ማንም ሳይነካው «ተለውጧል» እያለ ይቆያል፤ ቼክአውት ብታደርጉት (ከመዝገቡ መልሳችሁ ብታወጡት) አይሄድም፣ ስታሽ ብታደርጉት (ለጊዜው ወደ ጎን ብታስቀምጡት) አይሄድም። ስለዚህ፦

1. ከተከፈቱት ብራንቾች (ከዋናው ኮድ ጎን የሚሠሩ ቅርንጫፎች) ወደ ዋናው የሚገቡት ይግቡ። የሚቀሩት ባለቤቶች ቀኑን ይወቁ። ዓርብ ከሰዓት ባይሆን ይመረጣል።

2. «ጊት ስታተስ» ንጹሕ መሆኑን እዩ፤ ከዚያ «.ጊትአትሪቢዩትስ»ን ጻፉና ወደ ኢንዴክሱ አስገቡ።

3. ጊት አድ --ሪኖርማላይዝ .

መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ የትእዛዙ አካል ናት። ትእዛዙ ከጊት 2.16 ጀምሮ አለ።

4. ጊት ዲፍ --ካችድ --ኢግኖር-ሲአር-አት-ኢኦኤል --ስታት

እዚህ የተለወጠ መስመር ቁጥር መታየት ያለበት ከ«.ጊትአትሪቢዩትስ» ፊት ብቻ ነው። ሌላ ፋይል ቁጥር ይዞ ከመጣ፣ በተለይ ሥዕል ወይም ሰነድ ከሆነ፣ ቆም በሉና ደንቡን አርሙ።

5. ብቻውን ኮሚት አድርጉት (በጊት ታሪክ አስመዝግቡት)። ከሌላ ሥራ ጋር ከቀላቀላችሁት ማንም ሊገመግመው አይችልም።

6. ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ፑል ካደረጉ (አዲሱን ለውጥ ካወረዱ) በኋላ ዲስካቸው ላይ ያሉት ፋይሎች በአዲሱ ደንብ እንደገና መውጣት አለባቸው፦

ጊት አርኤም --ካችድ -አር -ኪው .
ጊት ሪሴት --ሃርድ

ሁለተኛው ትእዛዝ ኮሚት ያልተደረገን ለውጥ ሁሉ ያጠፋል፤ መመለሻ የለውም። የሚፈራ ሰው ፎልደሩን ወደ ጎን አድርጎ ሪፖውን እንደ አዲስ ክሎን ያድርግ (ሙሉውን ያውርድ)።

ከጽዳቱ በፊት የተከፈተ ብራንች ኋላ ሲመጣ በየመስመሩ ይጋጫል። «ጊት መርጅ -ኤክስሪኖርማላይዝ» ብላችሁ የብራንቹን ስም አስከትሉ፤ ኤክሷ ትልቋ ናት። ጊት ሁሉንም ወገን በደንቡ አስተካክሎ ካበቃ በኋላ ስለሚያወዳድር እውነተኛው ግጭት ብቻ ይቀራል።

ጽዳቱ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደለወጠው የሚያሳየውን «ጊት ብሌም»ንም ያበላሻል፤ ሁሉም መስመር በአንድ ሰው ስም ይሆናል። «.ጊት-ብሌም-ኢግኖር-ሬቭስ» የሚባል ፋይል ፍጠሩና የኮሚቱን ሙሉ ባለ40 ሆሄ መለያ አስገቡበት። ሪፖ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሀብ ፋይሉን በራሱ ያነበዋል፤ በየማሽኑ ደግሞ ይህ ያስፈልጋል፦

ጊት ኮንፊግ ብሌም.ኢግኖርሬቭስፋይል .ጊት-ብሌም-ኢግኖር-ሬቭስ

መለያውን የምትጽፉት ወደ ዋናው ብራንች ከገባ በኋላ ይሁን፤ ስኳሽ ከተደረገ (ኮሚቶቹ ወደ አንድ ከተጨመቁ) መለያው ይቀየራል።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፋይል

የትርጉም ፋይል፣ የስም ዝርዝር ወይም የመልእክት ጽሑፍ በአማርኛ የያዘ ሪፖ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት፤ ከኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደል በባይት ከሚጻፍበት ዘዴ ጋር የተያያዘ ነው።

ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ የተጻፈ ፊደል ችግር የለበትም። እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው፤ «ጊ» ለምሳሌ 225፣ 140፣ 138 ነው። 13ና 10 በፊደል ውስጥ ሊገኙ አይችሉም፣ ጊትም ፋይሉን በትክክል ጽሑፍ ይለዋል።

ዩቲኤፍ-16 ግን ሌላ ነው። የድሮው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ብሎ ሲያስቀምጥ፣ ኤክሴል «ዩኒኮድ ቴክስት» ብሎ ሲያስቀምጥ፣ የዊንዶውሱ የትእዛዝ መስኮት ፓወርሼል 5.1 በ«>» ወደ ፋይል ሲጽፍ የሚወጣው ዩቲኤፍ-16 ነው። በዚህ አጻጻፍ «ሊ» 10ና 18፣ «ጊ» 10ና 19፣ «ል» 13ና 18፣ «ግ» 13ና 19 ናቸው። የመስመር መጨረሻ ባይቶቹ በፊደሎቻችን ሆድ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ፋይል ጊት በራሱ ሲያየው በባዶ ቦታውና በመስመር ጫፉ ላይ ባይት 0 ስለሚያገኝ ባይነሪ ይለዋል፤ ዲፍ አያሳይም፣ ግን አይጎዳውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው «ዲፉ ይታየኝ» ብሎ «*.ቲኤክስቲ ቴክስት» ብሎ ሲጽፍ ነው። ፋይሎች በሲአርኤልኤፍ በሚወጡበት የዊንዶውስ ማሽን ላይ ጊት 10 ባገኘበት ሁሉ ከፊቱ 13 ይሰካል፤ መስመሩ ጫፍ ላይም፣ «ሊ» እና «ጊ» ላይም። አንድ ባይት ሲገባ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ባይት ይንሸራተትና ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ያለው ባልደረባ ያንኑ ፋይል ደህና አድርጎ ስለሚያየው «የአንተ ማሽን ነው» መባባሉ ይቀጥላል።

መፍትሔው ፋይሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ነው። በጊት ባሽ ወይም በሊኑክስ፦

አይኮንቭ -ኤፍ ዩቲኤፍ-16 -ቲ ዩቲኤፍ-8 አሮጌ.ቲኤክስቲ > አዲስ.ቲኤክስቲ

ይህን ፓወርሼል 5.1 ውስጥ አትሞክሩት፤ «>» ምልክቱ ራሱ መልሶ ዩቲኤፍ-16 ያደርግባችኋል። ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም የግድ ዩቲኤፍ-16 የሚል ከሆነ ደግሞ ደንቡ እንዲህ ይጻፍ፤ የኢንኮዲንጉ ስም በትልልቁ ሆሄ ነው፦

*.ቲኤክስቲ ቴክስት ወርኪንግ-ትሪ-ኢንኮዲንግ=ዩቲኤፍ-16ኤልኢ-ቢኦኤም ኢኦኤል=ሲአርኤልኤፍ

ያኔ መዝገቡ ዩቲኤፍ-8 ይይዛል፣ ዲፍም ይታያል፣ ዲስክ ላይ ዩቲኤፍ-16 ይወጣል።

ተርጓሚዎች ከኤክሴል ሲልኩላችሁ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን እንዲመርጡ ንገሯቸው። ተራው «ሲኤስቪ» አማርኛውን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» መጀመሪያው ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶች፣ 239፣ 187ና 191፣ ይጨምራል። የመጀመሪያው ዓምድ ርእስ «አልተገኘም» ከተባላችሁ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው።

ደብሊውኤስኤል

ደብሊውኤስኤል ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬድ ነው። በዊንዶውስ ዲስክ ላይ ያለን አንድ ፎልደር ከዊንዶውሱ ጊትም ከደብሊውኤስኤሉ ጊትም የሚከፍት ሰው በአንዱ በኩል ንጹሕ፣ በሌላው በኩል ሁሉም ፋይል የተለወጠ ሆኖ ያየዋል፤ ሁለቱ ጊቶች የተለያየ ቅንብር ስላላቸው ነው። ከላይ ያለው ደንብ ይህንንም ይፈታል። ፈጣኑ መንገድ ግን ሪፖውን ደብሊውኤስኤሉ ውስጥ፣ በራሱ ሆም ፎልደር ክሎን አድርጎ በአንድ ጊት ብቻ መሥራት ነው።

ተመልሶ እንዳይመጣ

ኤዲተሮች አዲስ ፋይል ሲፈጥሩ በኤልኤፍ እንዲጀምሩ «.ኤዲተርኮንፊግ» ውስጥ «ኤንድ_ኦፍ_ላይን = ኤልኤፍ» አስገቡ፣ ለ«ባት»ና «ሲኤምዲ» ለብቻ «ሲአርኤልኤፍ» ስጡ። ይህ ፋይልና «.ጊትአትሪቢዩትስ» የተለያየ ነገር ከተናገሩ ኤዲተሩ በጻፈ ቁጥር ጊት ይቀይራል፤ ሁለቱን አስማሙ።

ጊት «ሲአርኤልኤፍ በኤልኤፍ ይተካል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አትደንግጡ፤ ደንቡ እየሠራ መሆኑን ነው የሚናገረው።

የሲአይ ፍተሻችሁ (ኮድ በገባ ቁጥር በራሱ የሚሄደው) ላይ ደግሞ ይህን ጨምሩ፦

! ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ --ኢኦኤል | ግሬፕ -ኢ '^አይ/ሲአርኤልኤፍ' -ኢ '^አይ/ሚክስድ'

ጽሑፍ ፈላጊው ግሬፕ ነገር ሲያገኝ ተሳካ ስለሚል የቃለ አጋኖ ምልክቱ ውጤቱን ይገለብጠዋል። ትእዛዙን የዚያ ደረጃ የመጨረሻ መስመር አድርጉት፤ ባሽ በ«ሴት -ኢ» (ትእዛዝ ሲወድቅ ቁም በሚለው ቅንብር) ሲሠራ በቃለ አጋኖ የተገለበጠ ትእዛዝ ቢወድቅ አይቆምም፣ መሀል ላይ ካለ ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል። ሆን ብላችሁ በሲአርኤልኤፍ ያቆያችሁት የቴስት ፋይል ካለ ደንቡ ላይ «-ቴክስት» ስጡትና ከፍተሻው በስሙ አውጡት።